ከድሬ ሳጉሬ፣ ብርን በብርሃን ልበይድ

በብርሃን ብረት የሚበይድ ሰው ድሬዳዋ ላይ አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሌላ አለሁ የሚል ካለ ሱቄ ድረስ ይምጣ፣ ሻዩ በኔ። ሱሌ ሌዘር ይሉኛል። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ አሁን ግን ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል። ሱሌማን የምትለኝ ሚስቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትናደድ።

ይሄን የምጽፈው አርሲ ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የምጽፈውም ለናንተ ለድሬ ልጆች ነው፤ አውቃችኋለሁ፣ አትሄዱም። ከከዚራ ጥላ ተነስቶ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር መሄድ የሚከብደው ሰው፣ በቀትር ጋቢ ወደሚለበስበት አገር ምን ሊሰራ ይሄዳል? ቁጭ በሉ። እኔ ሄጄላችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስራዬን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ጉዞው አይገባችሁም። ለጌጥ የሚሆነውን ብር ታውቃላችሁ፣ የእናቶቻችንን አምባር። እሱን ብር ፍጩት፣ የጤፍ ፍሬ አሳክሉት። ያችን የጤፍ ፍሬ ደግሞ ፍጯት፣ አይን እስኪያጣት። ከዚያም አትተዉዋት፣ ፍጯት። ናኖ የሚሉት እዚያ ስትደርሱ ነው። ያንን ብናኝ በፈሳሽ በጥብጠው ቀለም ያደርጉታል፣ በትንሽ ብልቃጥ ከቻይና ይመጣል፣ መልኩ ጠቆር ያለ ነው። በቀለሙ መስመር ብታሰምሩ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም። ብናኞቹ ጎን ለጎን ቆመዋል እንጂ አልተያያዙም፤ ሰርግ ላይ ጭፈራው ሳይጀመር ተደርድረው የሚተያዩ ሰዎች በሏቸው። ሰማያዊ የሌዘር ብርሃን ስታሳዩዋቸው ነው ጉዱ የሚመጣው። ብር እንዲህ ሲያንስ ሰማያዊ ብርሃን ይወዳል፣ ይጠጣዋል፣ ይግላል፣ እያንዳንዷ ብናኝ የጎረቤቷን እጅ ትይዛለች። ጥቁሩ መስመር እንደ መስታወት ያበራል፣ ኤሌክትሪኩም እጅ ለእጅ ያልፋል። ከስር ያለው ፕላስቲክ ምንም አይሆንም፣ ብርሃኑ ነክቶ ያልፋል እንጂ አይቆምበትማ። በካውያ ሞክሩት እስቲ፣ ፕላስቲኩ ማስቲካ ይሆንላችኋል።

ይሄን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴን ጥዬ ራዲዮ ስፈታ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ሞባይል ስፈታ ኖሬ፣ ማታ ማታ ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ፣ የሰፈሩን ፕላስቲክ ሁሉ አቃጥዬ ነው የደረስኩበት። ከጎኔ ጫማ የሚሸጠው ጎረቤቴ እስከዛሬ ደንበኞቹን "ሱሌ ጋ ሂዱ፣ በባትሪ ይበይድላችኋል" ይላቸዋል። ይበል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ሁለቱም ነኝ።

እንዲህ እያለሁ ከማል የሚባል ሰው ከሳጉሬ ደወለልኝ። ሳጉሬ ከአሰላ አለፍ ብላ ያለች፣ ስንዴና ገብስ የሚሸጥባት ደጋ ከተማ ናት። ከማል ኮምባይነር አለው፤ ስንዴውን አጭዶ እዚያው የሚወቃውን፣ ቤት የሚያህለውን መኪና። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ፓነል ሞተበት። ማሽኑ ደግሞ የቆመው አዴ ዙልፋ በሚባሉ ባል የሞተባቸው እናት ማሳ መሀል ነው፣ ግማሹን አጭዶ። ኮምባይነር ይመጣል ተብሎ በማጭድ የሚያጭዱትን ሰዎች ቀድመው አሰናብተዋቸዋል፣ አሁን አጫጆቹ የሉም። ስንዴው ደርቆ ቆሟል፣ ቺላሎ ተራራ ላይ ደግሞ በአጨዳ ወቅት የማይፈለግ ደመና መቆም ጀምሯል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው እዚያው ቆሞ ይበቅላል፣ የአመት ቀለብ አለቀ ማለት ነው። አሰላ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ፓነሉን አይቶ "አይጠገንም" አለው።

እሷን ቃል ባይነግረኝ ኖሮ ምናልባት አስብበት ነበር። "ነገ ተነሳሁ" አልኩት።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ከድሬ ወጣ። ረዳቱ እቃዬን ጣራ ላይ ልጫን አለ። እቃው በልጄ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያቀፍኩት የሌዘር ማሽኔ ነው። የጫማ ካርቶን ብታክል ነው፣ ግን ሁለተኛ ሚስት አለችኝ ከተባለ እሷ ናት። እሷ ጣራ ላይ ከወጣች እኔም እወጣለሁ አልኩት። "ውጣ፣ ሂሳቡ ያው ነው" አለኝ። እቅፌ ላይ ቀረች።

አዋሽ ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ብርድ ልብሱን ገለጠና ምንድነው አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ማተሚያ ነው ይላል፣ መጫወቻ ነው ይላል። እኔ ግን ጉራዬ ቀድሞኝ "ሌዘር ነው" አልኩ። በቃ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ወረደ። የማሳየው ወረቀት ስላልነበረኝ ስልኬን አውጥቼ የራሴን ቪዲዮ አሳየሁት፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቁልፍ ሰሌዳ ስጠግን። ሰውየው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ኪሱ ገባና የራሱን ስልክ አወጣ፤ ድምጹ አይሰማም፣ ወር ሆኖታል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ድምጽ ማውጫውን በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩለት፣ ከውስጡ የወጣው አሸዋ ጀበና ይሰራል። ተሳፋሪው ሁሉ በየቋንቋው ሰደበኝ። ፈታሹ ግን እስከ በሩ ሸኘኝ፣ ለሁላችንም ውሀ አስገዛ፤ ከዚያ ወዲያ ስድቡ ቀዘቀዘ።

አዳማ ከሰአት ደረስን። እዚያ ድረስ አገሩ የኛው ነው፣ ይሞቃል፣ ሰው ይጮሃል። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ በሸሚዝ ነበርኩ። ጃኬት አልያዝኩማ! ድሬ ጃኬት የሚለብሰው ሙሽራና ሌባ ነው። ዴራን ስናልፍ መስኮቱን ሰው ዘጋው። ኢተያ ስንደርስ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ኢተያ መንገድ ዳር የስንዴ ጆንያ እንደ ግድግዳ ተደርድሯል፤ እኛ አገር እንዲህ ተደርድሮ የማውቀው የሽንኩርት ኬሻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት አንድ ቃል ሳይናገሩ ጋቢያቸውን አወለቁና ግማሹን እኔ ላይ ጣሉት። ድሬ ላይ ቢበርዳችሁ መጀመሪያ ይሳቅባችኋል፣ ከዚያ ነው የሚደረብላችሁ። እዚህ መሳቁን ትተውታል። እስከ አሰላ በአንድ ጋቢ ሁለት ሆነን፣ ሌዘሬን ሶስተኛ አድርገን ሄድን።

አሰላ የፈረስ ጋሪ ከባጃጅ እኩል ይሽቀዳደማል። ጋሪው ሲያሸንፍ በአይኔ አይቻለሁ። አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። ሻወሩ "ሙቅ" ይላል፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ውሀው ግን ማንበብ አይችልም። ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የፊዚክስ መምህር ይኖራሉ፣ መምህር ይርጋ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ግድግዳውን አልፎ ሳይሰማቸው አልቀረም፣ ብርድ ልብስ ይዘው መጡ፤ ከዚያ ጾመኛ ስለሆኑ ድንችና ሽሮ ይዘው ተመለሱ። አብረን በላን። እሳቸው ማሽኔን እያገላበጡ አዩ፣ የሚያውቁትን ነገር እንዳገኙ ደስ አላቸው። ብር ስትደቅ ለምን መልኳ እንደሚለወጥ፣ ለምን ሰማያዊ ብርሃን እንደምትመርጥ ነገሩኝ፤ እኔ በእጄ የማውቀውን እሳቸው በስሙ ያውቁታል። ደስ የሚል ጨዋታ ነበር፣ አንድ ነገር እስኪጠይቁኝ ድረስ።

"ቀለሙን በምንድነው የምታደርቀው?" አሉኝ።

"በምንም። ራሱ ይደርቃል።"

"እዚህ ካልሲ ራሱ ቶሎ አይደርቅም፣ ሱሌ።"

ሳቅኩባቸው። "መምህር፣ እኔ ቀለም አልጠብቅም። ቀለም ነው እኔን የሚጠብቀኝ" አልኳቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው ሰሃኑን ሰበሰቡ።

ረቡዕ

ጠዋት ከማል በፒካፕ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ ጎልማሳ ነው። እኔ እንደ አገሬ "አንቺ ከማል! እንዴት ነሽ?" ብዬ ተጠመጠምኩበት። ዞር ብሎ ከኋላው ሴት መኖሯን አየ። እኛ ድሬ ላይ የወደድነውን ወንድ አንቺ እንላለን ብዬ አስረዳሁት። "እሺ" አለ፣ ግን እስከ መኪናው ራቅ ብሎ ነው የሄደው።

ቀጥታ ወደ ሳጉሬ እንሂድ አልኩ። እሱ ግን መንገድ ላይ ያ የመለዋወጫ ነጋዴ ጋ አቆመ፣ ሸምሱ ይባላል፤ የፓነሉን መክደኛ እሱ ጋ ትቶት ነበር። ሸምሱ በቺንጋና በፊልትሮ ተከቦ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል፣ ሆዱ ባንኮኒው ላይ ነው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

"በብርሃን የምትበይደው አንተ ነህ? ጥሩ። ለኔ ደግሞ ጎማ አለ፣ በጥላ ትለጥፍልኛለህ።"

"ጎማውን አምጣ" አልኩት። "ጥላ እንደሆነ ሆድህ ለአገሩ ይበቃል።"

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። መክደኛውን ሲያቀብለኝ ግን ሳቁን ትቶ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ ለከማል ሳይሆን ለኔ ተናገረ። አዴ ዙልፋን ያውቃቸዋል። ዛሬውኑ ቁርጡ ቢነገራቸው ጎረቤት ተለምኖ ትንሽም ቢሆን በማጭድ ይነሳላቸው ነበር፤ በኔ ተስፋ አንድ ቀን በጠበቁ ቁጥር ዝናቡ አንድ ቀን ይቀርባል። "ቀልድህን ወድጄዋለሁ፣ ግን በሴትዮዋ እህል አትቀልድ" አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን በዚያን ሰአት የሰማሁት "አትችልም" የሚለውን ብቻ ነው። ደሜ ፈላ፣ ብርዱ ራሱ ለቀቀኝ።

ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። አቦ፣ እንዴት ልንገራችሁ፤ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆማችሁ እስከ ጅቡቲ ድረስ ያለውን መሬት ቢጫ ቀለም ቀቡት። በመሀሉ የከማል ኮምባይነር ቆሟል፣ መሀል ማሳ ላይ አልነሳም ብላ እንደተኛች ላም። ሞተሩ ይሰራል፣ ማጭዱ ግን አይዞርም። በቀጥታ ሽቦ ሊያስነሱት ሞክረው ነበር፤ ማሽኑ ከፓነሉ ሌላ የማንንም ትእዛዝ አልሰማም አለ።

ፓነሉን ፈታሁት። ውስጡ ስስ ፕላስቲክ አለ፣ በላዩ የብር መስመሮች ታትመዋል፤ ፕላስቲኩ ታጥፎ የሚገባበት ቦታ ላይ ሶስቱ መስመሮች ተበልተዋል። የበላቸውን ለማወቅ ማሽተት በቂ ነበር። አይጥ ክረምቱን እዚያ ውስጥ አሳልፎ ሽንቱን ሲሸናበት ከርሟል። ከማል ያን ሁሉ እንቅልፍ ያጣው በአይጥ ሽንት መሆኑን ስነግረው መሳቅም መሳደብም አቃተው።

አዴ ዙልፋ ከቤታቸው ጩኮ ይዘው መጡ። ጩኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ ነው፤ እኛ ሀለዋ በምንበላበት ልብ እነሱ ጩኮ ይበላሉ፣ ጥርስ አይፈልግም፣ ወገብ ያቀናል። አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ኦሮምኛዬ የሐረርጌ ነው፣ የሳቸው የአርሲ፤ የኔን ሲሰሙ እንደ ዘፈን አዳመጡኝ። ይድናል ወይ ብለው ጠየቁኝ። "አዴ፣ ዛሬ ማታ ራት ስንበላ ድኖ ነው" አልኳቸው። አፌን ሞልቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከሰአት ከማል ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የተበላውን ቦታ በአልኮል አጸዳሁ፣ በቀጭን መርፌ ቀለሙን አሰመርኩ። ሻይ ጠጣሁ፤ ድሬ ላይ ሻይ ሳልጨርስ ይደርቃል። ሌዘሩ አይን ስለሚጎዳ ከከማል በቀር ሰውን ሁሉ አስወጣሁ፣ መጋረጃ ዘጋሁ፣ ብርቱካንማ መነጽሬን አደረግኩ፣ ከማልን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ለኮስኩ።

መጀመሪያ ትሽ አለ። ከዚያ እንደ ቆሎ ፈነዳ፣ ጧ ጧ። መስመሬ አረፋ ሰርቶ፣ እየተበተነ፣ ወንፊት ሆነ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ጢጥ በምትለው መለኪያዬ ነካሁት፣ ድምጽ የለም። ሌላውን ሞከርኩ፣ ያው። ሶስተኛውን እልህ ይዞኝ ሞከርኩ፣ ጭራሽ ተነቀለ። ከቀለሙ የቀረችኝ ብልቃጡ ስር ያለችው ብቻ ናት። ከማል ፊቱ ግድግዳው ላይ እንዳለ "ጨረስክ?" አለኝ።

ውጪ ስወጣ ሰው ተሰብስቧል። ኩምሽሽ አልኩ። ብቻ "ነገ" አልኩ። አዴ ዙልፋ ጩኮው ላይ ቅቤ ጨመሩና ብላ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

የከማል እህት ሙና የባሏን ካፖርት አልብሳኝ፣ ሶስት ብርድ ልብስ ጭናብኝ ነው ያደርኩት። ጠዋት እንደነቃሁ መጀመሪያ ያየሁት ቺላሎን ነው፤ ማለቴ ቺላሎን አላየሁትም፣ ደመናው ውጦታል። ሁለተኛ ያየሁት ጠረጴዛው ላይ የረሳሁትን ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ማታ እጄን ለማሟሟቅ አንድ መስመር አስምሬበት ነበር። በጣቴ ነካ አደረግኩት። ጣቴ ጠቆረ።

ሌሊቱን ሙሉ አድሮ አልደረቀም!

በካፖርቱ ውስጥ ላብ አሰመጠኝ። ውሀ ያዘለ ቀለም ላይ ሌዘር ለቅቄ ነው እንጂ፤ ፈሳሹ ፈልቶ ብናኞቹን በታትኗቸዋል፣ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ። እኔ እድሜ ልኬን ድሬ ላይ ሰርቼ፣ ቀለም የሚያደርቅልኝ የገዛ ችሎታዬ ይመስለኝ ነበር። ለካ የድሬ ጸሐይ ኖራለች። ደመወዝ ሳልከፍላት ስታገለግለኝ የኖረች ረዳት መሆኗን ያወቅኩት አርሲ ብርድ ላይ ቆሜ ነው።

መምህር ይርጋ ጋ ደወልኩ። ክፍል ሊገቡ ነበር። ጉዱን ነገርኳቸው፤ እንዲስቁ ጠበቅኩ፣ አልሳቁም። እሳት አጠገብ አታድርገው፣ ጭሱ ያበላሸዋል፣ የሚያስፈልግህ እጅ የሚችለው የሞቀ ንፋስ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚነፍስ አሉኝ። ከማል በሞተሩ ሙቀት እናድርቀው አለ፤ አቧራና ዘይት ነው፣ አይሆንም አልኩ። ጸሐይ የለም። ሙና ሻይ እየቀዳች ስታዳምጠን ነበር።

"የሞቀ ንፋስ?" አለች። "እሱማ የኔ እንጀራ ነው።"

ሙና ሳጉሬ ላይ የሴቶች ጸጉር ቤት አላት። ካስክ አላት፣ ሴቶቹ ጸጉራቸውን ጠቅልለው ራሳቸውን ከስሩ የሚያስገቡበትን ያን ትልቅ ማድረቂያ። ፕላስቲኩንና ሌዘሬን ካፖርቴ ውስጥ አቅፌ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ከባድ መጋረጃ አለ። ሳጉሬ ውስጥ ጸጉር ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ሂጃባቸውን አውልቀዋል፣ ወንድ ከመጋረጃው አያልፍም፤ ድሬም ያው ነው፣ በዚህ እንኳን አልተለያየንም። ስለዚህ ውጪ ወንበር አስወጥተውልኝ፣ ነፋሱ ጆሮዬን እየቆረጠው፣ የትናንቱን ፍርስራሽ ጠርጌ የመጨረሻዋን ቀለም አሰመርኩ።  ትንፋሼን ይዤ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ አንዱን መስመር፣ ሁለተኛውን፣ ሶስተኛውን። ብልቃጡ ባዶ ሆነ። ፕላስቲኩን በሁለት እጄ እንደ ህጻን ይዤ በመጋረጃው ስር አሳለፍኩ።

ካስኩ ስር ግን ሰው ነበር። ሙሽራ ናት፣ ሰርጓ ነገ ነው፣ ጸጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ገና እርጥብ ነው። ሙና ጉዳዩን በኦሮምኛ ነገረቻት።  ከዚያ የሙሽራዋን ድምጽ ሰማሁ፦ "የአዴ ዙልፋ ከሆነማ እነሳለሁ። የኔ ባል ይጠብቃል፣ ዝናቡ ነው የማይጠብቀው።" ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

ፓነሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን ሁሉ ልጽፈው አልችልም፤ ይቺ ሙሽራ አፍንጫ የላትም፣ ጸጉሯ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ምነው አትናገርም፣ ማን ነው ያገባት፣ የድሬው ሰውዬ ነው ይላሉ፣ በፕላስቲኩ እየቀለዱ። እኔ ደግሞ ከውጪ አላስችል አለኝ። ሙቀቱን ዝቅ አድርጉ፣ አታቅርቡት፣ ቅባት የነካ እጅ እንዳይነካው እያልኩ እጮሃለሁ። በመጨረሻ ሙና በመጋረጃው ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦

"ሱሌ፣ እዚያ ቁም። እዚህ ቤት ሌዘሩ እኔ ነኝ።"

ቆምኩ። የቀረችኝ ቀለም በሙሉ ከማላየው ቦታ፣ በማላያት ሴት እጅ ናት። አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት፤ እርጥብ ሲሆን ያብለጨልጫል፣ ሲደርቅ እንደ ጥላሸት ይፈዛል። እሷ እየደጋገመች ታያለች፣ ትነግረኛለች። ገና ነው። ዳር ዳሩ ፈዟል። መሀሉ ገና ነው። ወዲያ ማዶ መንገዱ ላይ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ነፋስ ገለባ ያንከባልላል። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። ከዚያ "ጥላሸት ሆኗል፣ ሱሌ። ሁሉም" አለችና ፓነሉ በመጋረጃው ስር ወጣ።

ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ባለች እቃ ቤት ውስጥ፣ በሻምፖ ካርቶኖች መሀል፣ በሩን ዘግቼ መነጽሬን አደረግኩ። ጉልበቱን ዝቅ አድርጌ ለኮስኩ። ትሽ አላለም። ሰማያዊዋ ነጥብ በጥቁሩ መስመር ላይ ሄደች፣ ከኋላዋ መስመሩ እያበራ ቀረ፤ እንደ ቀንድ አውጣ መንገድ፣ በጠዋት ስታዩት። በመለኪያዬ ነካሁ። ጢጥ አለ። ሁለተኛው፣ ጢጥ። ሶስተኛው ዝም።  ለማረም ጠብታ ቀለም የለኝም። አይሆንም፣ አንቺም ትይያዣለሽ አልኩና ጉልበቱን ደግሞ ቀንሼ፣ ቀስ አድርጌ፣ በላዩ ላይ ደገምኩበት። ነካሁት።

ጢጥ።

በሩን ስከፍት ከማል ደጃፉ ላይ ነበር፣ የመለኪያዋን ድምጽ ሰምቷል። "አንቺ ሱሌ!" ብሎ አቀፈኝ። በአንድ ቀን ድሬ አደረግኩት።

ማሳው ላይ ስንደርስ ደመናው ከቺላሎ ወርዶ ወደኛ ፊቱን አዙሯል። ፓነሉን ገጠምን። ከማል ወጣ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ቁልፉን ተጫነ። ማጭዱ ዞረ። አቧራው ቢጫ ሆኖ ተነሳ፣ ሰዎቹ ጆንያ ይዘው ሮጡ። ከማል እየነዳ ስልኩን አወጣ፣ ሸምሱ ጋ ደወለ፣ ምንም ሳይናገር ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ያዘውና ዘጋው። ሸምሱ ወዲያው የደወለው ለኔ ነው። አልሀምዱሊላህ አለ፣ ከልቡ። ቀጥሎም አንድ መሳቢያ ሙሉ የሞተ ፓነል አለኝ፣ ሲመችህ ና አለኝ። ጎማውንም አዘጋጅ አልኩት።

አዴ ዙልፋ በማሳው ጫፍ በኩል መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የበየድኩትን ቦታ ሊያዩት ፈለጉ። አዴ፣ አይታይም፣ ከጸጉር የቀጠነ ነው፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው አልኳቸው። እሳቸው የሚወርደውን እህል እያዩ ነበር።

"ይቅር" አሉኝ። "ስንዴዬን እያየሁ ነው።"

ስለራሴ ልጨምር የነበረውን ዋጥኩት። እንዲህ አይነት ነገር ሚስቴ ብትሰማ አታምንም።

ነፋሱ ጠነከረ። ሰማዩ ጠቆረ። አንዲት ጠብታ ካፖርቴ ላይ አረፈች፣ አላየኋትም አልኩ። ኮምባይነሩ ከማሳው ወዲያኛው ዳር ደረሰ፣ ዞረ፣ ሌላ መስመር ያዘ። እዚያ ሳለ ድምጹ ቀጥ አለ። ማጭዱ ቆመ። ሁሉም ሰው ከጆንያው ቀና ብሎ ወደኔ ዞረ፤ አዴ ዙልፋም ዞሩ።  ሰበብ ስፈልግ አንድም አልመጣልኝ፣ እኔ ሱሌ ሰበብ አጣሁ! ከማል ከላይ በሩን ከፍቶ ቆመና እጁን እያወናጨፈ ጮኸ፤ ነፋሱ ድምጹን ይወስደዋል፣ ሁለተኛ ሲጮህ ነው የሰማነው።

"ስንዴው አለቀ! ምንም የቀረ የለም!"

ሰዎቹ ጆንያውን ወደ ፒካፑና ወደ ጋሪዎቹ ይጭኑ፣ ሸራ ያለብሱ ጀመር። አዴ ዙልፋ የመጨረሻውን ሸራ ጫፍ ራሳቸው ይዘው አሰሩ። ዝናቡ ያኔ ነው የወረደው፣ እንደ ድሬ ጎርፍ ሳይጮህ፣ ቀዝቃዛና ቀጭን። ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሮጠ። ከማል ና እንጂ ትታመማለህ እያለ ይጠራኛል። እኔ ግን ባዶው ማሳ መሀል ገብቼ፣ የሰው ካፖርት እንደለበስኩ፣ ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

"አሁን እንደፈለግሽ ዝነቢ አቦ" አልኳት። "ገለባ ነው ያለው።"